ጥንዚዛና የሞት ሰዓት

አስከሬን ሲገኝ ከመርማሪው ቀዳሚ ጥያቄዎች አንዱ «መቼ ሞተ?» የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት መልሱ በአብዛኛው የሚፈለገው ከዝንብ እጭ ነው። ሥጋው እየደረቀ ሲሄድ ግን እጩ ዝንብ ሆኖ ይበራል፤ ተራው የጥንዚዛ ይሆናል። የፈረንሳዩ የእንስሳት ሐኪም ዣን ፒየር ሜኛን እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ነፍሳት ወደ አስከሬን የሚመጡት በስምንት ዙር ነው ብሎ ነበር። ዙሩ እርሱ እንዳለው የተስተካከለ ባይሆንም፣ ሐሳቡ ዛሬም የሙያው መነሻ ነው።

ዘግይተው ከሚደርሱት ዋነኛው ዴርሜስተስ ማኩላተስ ነው። በመጋዘን የተከመረ ደረቅ ቆዳ ስለሚበሳሳ የቆዳ ነጋዴ ጠላት ነው፤ ሙዚየሞች ግን ሆን ብለው ያረቡታል። ፀጉራም እጮቹ ሥጋና ጅማቱን ግጠው አጥንቱን ያጸዱላቸዋልና። ይኸው ጥርሱ መርማሪን ሊያሳስትም ይችላል፤ በአስከሬን ቆዳ ላይ የሚተወው ቀዳዳ ለማያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ የደረሰ ቁስል ይመስላል።

የነፍሳት ባለሙያው የእጩን ዕድገት ከሥፍራው የሙቀት መዝገብ ጋር አገናዝቦ እንቁላሉ የተጣለበትን ጊዜ ወደ ኋላ ያሰላል። የሚያገኘው ታዲያ የሞትን ሰዓት ሳይሆን «ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖታል» የሚል ወሰን ነው። የዴርሜስተስ እጭ ደግሞ ቆዳውን ስንት ጊዜ እንደሚገፍፍ ቋሚ ቁጥር የለውም፤ እንደ ምግቡና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በእኔ ግምት ለዚህ ጥንዚዛ የሚሰጠው የሰዓትነት ክብር ትንሽ የተጋነነ ነው።

ይልቅ የሚደንቀው ሌላው አገልግሎቱ ነው። ደምና ሽንት በሌለበት ደረቅ አስከሬን ላይ መድኃኒት ወይም መርዝ ከጥንዚዛው ገላ ሊፈለግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ደርቆ ከተገኘ አስከሬን ላይ የሰበሰቡትን የእጭ ልጣጭ መርምረው አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት አግኝተዋል። ሟች ምን ያህል እንደወሰደ ግን ልጣጩ አይናገርም።

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ መጻሕፍት ሬሳ ቀባሪውን ጥንዚዛ ኒክሮፎረስን አብዝተው ያነሳሉ፤ ከሰሐራ በታች ግን እርሱ የለም። ለአፍሪካ የሚጠቅመው ዘመዱ ታናቶፊለስ ሚካንስ ነው። የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ዕድገቱን በተለያየ ሙቀት ለክተው ለስሌት የሚሆን ቀመር አውጥተዋል። ይህ ጥንዚዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ሬሳው ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከዝንብ በዝግታ ስለሚያድግም እጩ የዝንቡ ትውልድ በርሮ ከሄደ በኋላ እዚያው ይገኛል።