ስለ ዶሮ ወጥ እንቁላልና ስለ ማይክሮዌቭ

በጂዛን በምንኖርበት ቤት በፋሲካ ማግስት የደረሰውን አደጋ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የተረፈው ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ማይክሮዌቭ ውስጥ ገባ፤ ሲሞቅ ምንም አልሆነም። ጓደኛችን ሳህኑን አውጥቶ እንቁላሉን በሹካ ቢነካው ግን ፈነዳ፤ አስኳሉ ከነበርበሬው ፊቱ ላይ ተረጨ። ዐይኑን ያተረፈለት መነጽሩ ነው። ከመካከላችን ገሚሱ ዕቃው ተበላሽቷል፣ ገሚሱ እንቁላሉ አርጅቷል አለ። ሁላችንም ተሳስተን ነበር።

ምድጃ የሚያሞቀው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። የማይክሮዌቭ ሞገድ ግን እንቁላሉን ዘልቆ በውስጡ ያለውን ውሃ በቀጥታ ያግላል። በአስኳሉ ውስጥ የታፈነው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ቢግልም መውጫ ስላጣ አይፈላም። ሹካ ሲነካው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። (ስለ ውስጣዊ ቅራኔ በየስብሰባው ስንከራከር ይህን ምሳሌ አለማንሳታችን ይገርማል።) ሁለት የድምፅ ጥናት ባለሙያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የአኮስቲክስ ማኅበር እንዳቀረቡት፣ ቀቅለው በማይክሮዌቭ ካሞቋቸው እንቁላሎች 30 ከመቶ ያህሉ የፈነዱት ከወጡ በኋላ ሲወጉ ነው።

የዶሮ ወጥ እንቁላል በቢላዋ ይተለተል የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይተለተላል፤ ነገር ግን ወጡ እንዲገባው ነጩ ብቻ ነው የሚነካው። አስኳሉ እንደታፈነ ይቀራል። ስለዚህ እንቁላሉን አውጥቶ ወጡን ለብቻው ማሞቅ፣ ከዚያም እንቁላሉን ትኩሱ ወጥ ውስጥ መመለስ ነው። ጥሬውን ከነቅርፊቱ ማስገባትማ ፈጽሞ አይሞከርም።

ይህን የጻፍነው ለራሳችን ብቻ አይደለም። በሳምጣ፣ በአቡ አሪሽና በሰብያ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን አሉ። የመንን አቋርጣ የመጣች ልጅ «አሙቂ» ከመባል በቀር ስለ ዕቃው የሚያስረዳት የላትም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌላት ደግሞ ፊቷ ቢቃጠል ሐኪም ቤት መሄድ ትፈራለች። የምታውቋት ካለች ደውላችሁ ንገሯት።

የተቃጠለ ገላ ላይ ቅቤ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አይደረግም፤ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስስበታል። አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት ወር እዚህ ከጣሪያ በርሜል የሚወርደው ውሃ ራሱ ትኩስ ስለሆነ፣ የታሸገ ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይኑራችሁ። ዐይን ከተነካ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።