ካዝናው ቢወጣም ሽጉጡ ባዶ ነው አይባልም

ክብሪት፣ ነጭ ጋዝና መድኃኒት ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ እንዳለባቸው የማያውቅ እናት የለም ማለት ይቻላል። ባለቤታቸው ወይም ወንድማቸው በፖሊስነት ወይም በጥበቃ ሥራ ላይ የተሰማራ አንዳንድ እናቶች ግን በትራስ ሥር ወይም በቁም ሣጥን ውስጥ የሚያድረውን ሽጉጥ «የወንድ ዕቃ ነው» ብለው ያልፉታል። ቁም ሣጥኑን የምታስተካክለው፣ አልጋውን የምታነጥፈው፣ ልጆቹንም የምትጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ እናት በመሆኗ አሠራሩን ብትረዳ እንጂ ብታልፈው አይበጃትም።

በአገራችን የታወቀው ማካሮቭ ከኋላው ብቅ ያለ መምቻና በአውራ ጣት የሚንቀሳቀስ መጠበቂያ፣ ብዙዎች ሴፍቲ የሚሉት፣ አለው። መምቻው መወጠሩን በዓይን ማየት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ በዓለም የተስፋፋው ዓይነት ግን ከውጭ የሚታይ መምቻ የለውም፤ ጥይቱን የሚመታው በውስጡ የተሸሸገ፣ በሞላ የሚገፋ መርፌ ነው። ከነዚህ አንዱ ግሎክ ሲሆን፣ የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ሠሪው ጋስተን ግሎክ ቀደም ሲል የመጋረጃ ዘንግና ቢላዋ ያመርት ነበር፤ ከመጋረጃ ዘንግ ወደ ሽጉጥ መሻገሩ የሚያስገርም ነው።

የተለመደው ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም። በምትኩ ሦስት መጠበቂያዎች አሉት፤ ይኸውም በቃታው ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ካልተጫነች ቃታው አይሳብም፣ መርፌውን የሚያግድ ብረት አለ፣ ሽጉጡ ቢወድቅ መርፌው ከመያዣው እንዳይለቀቅ የሚያደርግ ሌላም አለ። ምላሷ ያስፈለገችው ሽጉጥ በጀርባው ሲወድቅ ቃታው በገዛ ክብደቱ ወደ ኋላ ሊሄድ ስለሚችል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲግ ሳወር የተባለው ኩባንያ፣ ፒ320 የተሰኘው ሽጉጡ በአንዳንድ አኳኋን ሲወድቅ እንደሚተኩስ በሙከራ በመታየቱ፣ ያለ ክፍያ ቀለል ያለ ቃታ እየገጠመ እንደሚያሻሽለው አስታውቋል።

ሆኖም የግሎክ ሦስቱም መጠበቂያዎች ቃታው ሲሳብ ተራ በተራ ይለቃሉ። የሳበው የባለቤቱ ጣት ይሁን፣ የሕፃን ጣት ወይም በማኅደሩ ውስጥ የተጠለፈ የልብስ ጫፍ፣ ሽጉጡ ለይቶ አያውቅም። የሚጠይቀው ጉልበት 2 ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ጣታቸው ያልጠና ልጆች አፈሙዙን ወደ ራሳቸው አዙረው በሁለት አውራ ጣታቸው ሊገፉት ይችላሉ።

የዋሽንግተን ከተማ ፖሊስ ግሎክን በታጠቀ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ120 በላይ ያልታሰቡ ተኩሶች መድረሳቸውን ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በ1998 እ.ኤ.አ. ዘግቧል። ጋዜጣው የወቀሰው የሥልጠናውን ማነስ ነበር። የኒው ዮርክ ፖሊስ በበኩሉ ቃታው ከ5 ኪሎ በላይ ጉልበት እንዲጠይቅ አስደርጓል። እንግዲህ የታጠቁ ፖሊሶች እንዲህ ካጋጠማቸው፣ መኝታ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ለሚወለውል ሰው ምን ይባላል?

ከሁሉ የከፋው ሽጉጡን ለማጽዳት ሲፈታ የሚደርሰው ነው። ግሎክን ለመፍታት ቃታውን መሳብ ግድ ነው። ሰውየው ካዝናውን ያወጣል፤ ባዶ መስሎት ይስባል። ሽጉጡ አስቀድሞ የጎረሳት አንዲት ጥይት ግን በርሜሉ ውስጥ ቀርታለች፤ ካዝናው ባይኖርም ትተኮሳለች። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥም ያው ነው። አስቀድሞ አቀባብሎ ጥይቷን ያስወጣ ሰው፣ ካዝናው በቦታው ስላለ ሌላ ጥይት አጉርሷል፤ ከዚያ በኋላ ካዝናውን ቢያወጣ ምን ይጠቅመዋል?

በመሆኑም ከቁም ሣጥን ውስጥ ሽጉጥ ብታገኙ ባዶ መሆኑን እናንተ ለማረጋገጥ አትሞክሩ። ልጆቹን አርቃችሁ ባለቤቱን ጥሩ። እርሱም አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ አድርጎ፣ ጣቱን ከቃታው አርቆ፣ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጣ፤ ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ደጋግሞ ይሳብ፤ በርሜሉን በዓይኑ አይቶ በጣቱም ይዳስስ። ሽጉጡና ጥይቱ በየብቻቸው ይቆለፉ፤ ቁልፉም ከምስማር ላይ አይንጠልጠል።

መሥሪያ ቤቱ ሽጉጡን በግምጃ ቤት የሚረከብ ከሆነ ደግሞ ባለቤታችሁ አስረክቦ እንዲመጣ ጠይቁት። የማይረከብ ከሆነ ቢያንስ ጥይቱን የሚያወጣው እዚያው፣ አሸዋ በተሞላ በርሜል ፊት ለፊት ይሁን፤ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ልጆች እግሩ ሥር እየተጫወቱ አይሁን።