ከወላጅ የሚወረሰው ቀለምና የፀሐይ ቪታሚን

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፥ ከክረምቱ ወራት በቀር፥ ፀሐይ ሳትታይ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው። እንዲህ ፀሐይ በሞላበት አገር ሕፃናት የፀሐይን ቪታሚን አጥተው ዐጥንታቸው ይለሰልሳል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በ1989 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ አዲስ አበባ ውስጥ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ የተባለው የዐጥንት መለስለስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። የደረቱ ዐጥንት የለሰለሰ ልጅ አጥብቆ መተንፈስ ይሳነዋልና።

የቆዳችን ቀለም ከአባትና ከእናት የሚወረስ ነው፤ ይህንንም ጂን የሚባሉት የዘር ትእዛዞች በብዛት ተባብረው ይወስኑታል። ጠቆር ያለው ቀለም ከሚያቃጥለው ጨረር የሚጋርድ መልካም ጥላ ነው፤ ለፅንስ እጅግ የሚያስፈልገውን ፎሌት የተባለውን ቪታሚን ጨረሩ እንዳያጠፋው ይጠብቃል የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ነገር ግን በቆዳ ውስጥ ቪታሚን ዲን የሚሠራው ያው ጨረር ስለሆነ፥ ቆዳው የጠቆረ ሰው ከነጣው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ፀሐይ ሊያገኘው ይገባል። ወደ እስራኤል ፈልሰው የሄዱ ኢትዮጵያውያት ሲመረመሩ፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡሮቹና የሚያጠቡት፥ ይህ ቪታሚን ጎድሎባቸው ተገኝቷል።

በምግብ በኩል ቪታሚን ዲ የሚገኘው በተለይ በዓሣ፥ በእንቁላል አስኳልና በጉበት ነው፤ በሽሮና በጎመን አይገኝም። የእናት ጡትም፥ ለሕፃን ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፥ ከዚህ ቪታሚን የሚሰጠው ጥቂት ነው።

እንግዲህ የእኛ ሕፃን ምች እንዳይመታው፥ የሰው ዓይንም እንዳያየው ተብሎ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ በጨለማ ቤት ተሸፋፍኖ ይከርማል። የአርባና የሰማንያ ቀን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያንን ደጅ የሚመለከት ነው እንጂ የመኖሪያ ቤትን ደጅ የሚዘጋ አይደለም። እናቶች ሆይ፥ ፀሐይዋ ሳትበረታ በማለዳ፥ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ልብሱን ገለጥ፥ ዓይኑን ከለል አድርጋችሁ አሙቁት። በመስኮት መስተዋት በኩል የምትገባው ፀሐይ ግን አትበቃም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስተዋቱ ያስቀረዋልና።

ጥርሱ የዘገየ፥ ለመቆም የሚቸገር፥ የእጁ አንጓ ያበጠ ወይም እግሩ የጎበጠ ልጅ በቤታችሁ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በጊዜ የተደረሰለትን ልጅ ሐኪም በሚያዝዘው ቪታሚን ማዳን ይቻላል።