ውሃ ያልተገኘበት ሜትር የማን ዕዳ ነው?

የከርሰ ምድር ውሃ ፍለጋ ከሌሎች የግንባታ ሥራዎች የሚለይበት መሠረታዊ ባሕርይ አለው። ድልድይ የሚሠራ ተቋራጭ የሚሠራውን በንድፍ ላይ አስቀድሞ ያየዋል። ጉድጓድ የሚቆፍር ግን የሚፈልገው ነገር መኖሩን የሚያረጋግጠው ከቆፈረ በኋላ ነው። ስለሆነም የውሃ አገልግሎት ድርጅቶች የሚፈርሙት የቁፋሮ ውል ሥራው ከተጀመረ ወዲያ እንዲሻሻል መጠየቁ የተለመደ ነው። ጥያቄው በቀረበ ጊዜ ማን ይወስናል? በምን ማስረጃ? ወጪውስ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

የአዊን ምድር በምሳሌነት እንውሰድ። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በዳንግላ አካባቢ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። አብዛኛው የሚዘንበው ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በጋ ሲገባ በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃቸው ይሸሻል፤ ከፊሎቹም ይደርቃሉ። ዝናብ በሞላበት አገር እናቶች ጀሪካን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁበት ተቃርኖ ምንጩ ይህ ነው።

ጥልቁ ውሃ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የዘንገና ሐይቅ እንደሚመሰክረው አካባቢው የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። የተሰነጣጠቀው የባሳልት ድንጋይ ውሃ ይሸከማል፤ ድፍኑ ግን አያሳልፍም። በመሆኑም ተቀራርበው የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ሊያፈልቅ፣ ሌላው ሊነጥፍ ይችላል። በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚካሄደው የከርሰ ምድር ጥናት ጥርጣሬውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ውሉ 150 ሜትር ይላል እንበል። መሰርሰሪያው እዚያ ሲደርስ ድንጋዩ ድፍን ሆነ፤ ጥናቱ ግን ውሃ አዘል ንብርብር ከዚያ በታች እንዳለ ያመለክታል። ሥራው ቢቆም እስከዚያ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ቢቀጥል ውሉ መሻሻል አለበት። የዋጋም ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። ፓምፕና የመለዋወጫ ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ ሥራ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ስለዚህ ማሻሻያን ሁሉ በጅምላ መከልከል የሕዝብን ገንዘብ መጠበቅ ነው ማለት አይቻልም።

ይህ ማለት ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈት ማለት አይደለም። ተፈጥሮ ያመጣው ችግርና ቸልተኝነት ያመጣው ጉዳት ተለይተው መታየት አለባቸው። ድርጅቱ በመረጠው ቦታ ውሃ ቢታጣ ዕዳው የድርጅቱ ሊሆን ይገባል። መሣሪያው ተሰብሮ ጉድጓዱ ቢደረመስ ወይም ቢጣመም ዕዳው የተቋራጩ ነው። ይህም ሪጉ ከቦታው ከመድረሱ በፊት በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። ተጨማሪ ሜትር የሚቆፈረው ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የወጣውን የድንጋይ ናሙናና የጥልቀት መዝገብ አይቶ በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላ እንጂ በቃል ስምምነት መሆን የለበትም። የጉድጓዱም አቅም የሚታመነው ውሃው ያለማቋረጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተስቦ፣ መልሶ የሚሞላበትም ፍጥነት ከተለካ በኋላ ነው።

ነዋሪው ይህን መቆጣጠር ይችላልን? ይችላል። በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንገሽታ ቀበሌ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አርሶ አደሮች ከእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው ዝናብንና የጉድጓድ ውሃ ከፍታን ሲለኩ ቆይተዋል። መዝገባቸው ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ተነጻጽሮ የሚታመን ሆኖ ተገኝቷል። የጉድጓዱን ውሃ የለካ ሕዝብ የቁፋሮውን ሜትርም መቁጠር አያቅተውም።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ደንግጓል። ድንጋጌው ሕይወት የሚያገኘው በእኛ ንቃት ነው። በዕድራችን፣ በቀበሌ ስብሰባችንና በመሥሪያ ቤታችን ሦስት ጥያቄዎችን እናንሳ፤ ስንት ሜትር ተቆፈረ? ማን ፈቀደ? በሴኮንድ ስንት ሊትር ተገኘ? ከፍያ ከተፈጸመ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ጸጸት እንጂ ቁጥጥር አይባልም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና ዛሬውኑ እንጠይቅ።