ስምን ከሌባ ስለ መጠበቅ



በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከገንዘብ ይልቅ በጥብቅ የሚያዘው ዕቃ ማኅተም መሆኑን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘብ ቢጠፋ ጉዳቱ በጠፋው ልክ ነው፤ ማኅተም ቢጠፋ ግን በመሥሪያ ቤቱ ስም ምን እንደሚጻፍና ምን ያህል ዕዳ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ዛሬ እያንዳንዱ ሰው በኪሱ የሚይዘው ማኅተም አለው፤ ይኸውም የመታወቂያው ቁጥር፥ የስልኩ ቁጥርና በስልኩ የሚደርሰው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። እነዚህን ሰብስቦ በሌላው ስም የሚሠራ ሰው የማንነት ሌባ ይባላል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ባንኮችም በስልክ የሚሰጡትን አገልግሎት ካስፋፉ ወዲህ፥ ሌባው ሣጥን መስበር አያስፈልገውም፤ መደወል ይበቃዋል። «የምደውለው ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎን ከፋይዳ ቁጥርዎ ጋር ለማገናኘት አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። አነጋገሩ ትሕትና የተመላ ነው፤ የባለቤቱንም ስም እስከ አያቱ ይጠራል። ነገር ግን ቁጥሩ የመጣው ሌባው ራሱ ወደ ሒሳቡ ለመግባት በመሞከሩ ስለሆነ፥ እርሱን መንገር ቁልፍ ማስረከብ ነው። ባንክም ሆነ ኢትዮ ቴሌኮም የምሥጢር ቁጥርን ደውሎ አይጠይቅም፤ በጠየቀ ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ወረቀት ነው። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ በየቦታው መስጠት ተለምዷል። ይህ ግልባጭ ከደመወዝ ማስረጃ ጋር በክፉ ሰው እጅ ከገባ፥ ባለቤቱ ሳያውቅ የማያውቀው ሰው ዋስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በግልባጩ ላይ የተሰጠበትን ጉዳይና ቀኑን መጻፍ ይገባል። በፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ 16 አኃዝ ቁጥርም የተዘጋጀው ቋሚውን ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ተክቶ እንዲሰጥ ነው።

ጉዳት የደረሰ እንደ ሆነ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን የመጀመሪያው ሰዓት ዋጋው ትልቅ ነው፤ ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተላልፎ ወጪ ከመሆኑ በፊት ሊታገድ የሚችለው ያን ጊዜ ነውና። በቅድሚያ ለባንኩ ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፤ ቀጥሎም የምሥጢር ቁጥሮችን ሁሉ መለወጥ ያስፈልጋል። ስልኩ ያለ ምክንያት መስመር ካጣ ሌላ ሰው በዚያው ቁጥር ሲም ካርድ አውጥቶ ሊሆን ስለሚችል፥ በሌላ ስልክ ወደ 994 ደውሎ ማሳገድ ነው። ከዚያም ለፖሊስ አመልክቶ የማመልከቻውን ማስረጃ በጽሑፍ መቀበል ይገባል፤ ነገ ባልተበደሩት ብድር ሲጠየቁ መከላከያው ይህ ወረቀት ነው። የደረሰውን መልእክት አለመደምሰስ፥ የተደወለበትን ቁጥርና ሰዓት፥ የተወሰደውንም ገንዘብ መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል። ሌባው በተጎጂው ስም ብድር እንዳይጠይቅ ለዘመድና ለሥራ ባልደረባም መንገር ነው።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዘው ግዴታ ጥሏል። ይህ ግዴታ የእኛንም ጠረጴዛ ይመለከታል። የባለጉዳይ መታወቂያ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ የቆሎ መጠቅለያ ሲሆን የሰው ማኅተም በገበያ ተጣለ ማለት ነው።

በመጨረሻም የተታለለ ሰው አፍሮ ዝም ማለት አይገባውም። ኀፍረቱ የሌባው ነው፤ የተጎጂው ዝምታ ግን ለሌባው የሥራ ጊዜ ይሆነዋል።