ያውቁ ኖሯል? ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ታራንቱላን ሊገድል ይችላል

የሜክሲኮዋ ባለቀይ ጉልበት ታራንቱላ በሰው ቤት ከሚያዙ ሸረሪቶች ሁሉ ዝነኛ ከሆኑት አንዷ ናት። ሴቷ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ስለዚህ ቤቷ በጥንቃቄ ሊሰናዳ ይገባል።

ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። የሆዷ ሽፋን ስስ በመሆኑ ከትንሽ ከፍታ እንኳ ብትወድቅ ሊቀደድና ፈሳሿ አልቆ ልትሞት ትችላለች። በአፈሩና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት ከተዘረጉ እግሮቿ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመስታወት ሳጥኑን ከግማሽ በላይ በአፈር ወይም በኮኮናት ቃጫ መሙላት። ይህ ለመቆፈርም ያመቻታል። ዛፍ ላይ ለሚኖሩ ዝርያዎች ግን የሚስማማው ቁመታም ሳጥን ነው።

የሽቦ ወንፊት ክዳን አይመከርም። በእግሮቿ ጫፍ ያሉት ጥቃቅን ጥፍሮች ወንፊቱ ውስጥ ይቀረቀራሉ፤ ለመላቀቅ ስትታገል እግሯ ሊቆረጥ ይችላል። በትንንሹ የተበሳ ፕላስቲክ ይሻላል።

ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳህንና መደበቂያ የሚሆን የዛፍ ልጣጭ ይበቃታል። ሁለት አንድ ላይ ከተቀመጡ ግን አንዷ ሌላዋን ልትበላ ትችላለች።

በጀርባዋ ተንጋላ ቢያገኟት ሞታለች ብለው አይቸኩሉ፤ አሮጌ ቅርፊቷን እየጣለች ሊሆን ይችላል። አዲሱ እስኪጠነክር ፌንጣ እንኳ ሊያቆስላት ስለሚችል፣ ያልተበላ ምግብ ካለ ያውጡላት፤ እሷን ግን አይንኳት።

ይህች ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ንግዷ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ከመግዛትዎ በፊት ከዱር የተያዘች ሳይሆን በእርባታ የተፈለፈለች መሆኗን ያረጋግጡ።