ትልቅ ሴንሰር ያላት ትንሽ ካሜራ በጌዴኦ ጥላ ሥር

ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ወጣት ከደመወዙ ቀንሶ ካሜራ ለመግዛት ባሰበ ጊዜ፥ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግረው የሜጋፒክስሉን ቁጥር ነው። ዳሩ ግን የካሜራ ተግባር ብርሃንን መሰብሰብ ስለ ሆነ፥ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በዲላና በጌዴኦ ዞን ምድር ላይ ብንመረምረው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል።

የጌዴኦ አገር ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባለው ተዳፋት ላይ ይገኛል። ገበሬው ረጃጅሞቹን ዛፎች ጥላ አድርጎ፥ ከሥራቸው እንሰትን፥ ከእንሰቱም ጋር ቡናን አሰባጥሮ ያለማል። ይህ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለቡናው የተመቸው ጥላ ግን ለፎቶግራፍ አንሺው ፈተና ነው፤ ሜዳው በፀሐይ ሲያበራ፥ ከዛፉ ሥር እሸት ቡና የምትለቅመው ሴት በጨለማ ውስጥ የቆመች ትመስላለችና።

በብዙ ትናንሽ ካሜራዎች ውስጥ የነበረው ሴንሰር ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። «አንድ ኢንች» የሚባለውም ስሙን ያገኘው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች ነው እንጂ፥ ወርዱ 13.2 ሚሊሜትር፥ ስፋቱም 116 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ የሚባለው ግን 366 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ ይኸውም የመጀመሪያውን 13 እጥፍ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት በጥላ ሥር የተነሣው ሥዕል ጥቁሩ ክፍል በነጠብጣብ አይበላሽም፤ የደማቁ ሰማይና የጨለማው ቅጠል ዝርዝርም በአንድነት ሊታይ ይችላል።

ይህን ሴንሰር በትንሽ አካል ውስጥ ካስገቡት መካከል ሁለቱን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው ሪኮ ጂ.አር. 3 ከነባትሪዋ 257 ግራም ስትመዝን፥ በሸሚዝ ኪስ ትገባለች። ሌንሷ የ28 ሚሊሜትር ያህል እይታ ስላለው፥ እንደ ደራሮ ባለው በዓል ሕዝቡን በቅርብ ሆኖ ለማንሣት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣችው ፉጂፊልም ኤክስ100-6 ደግሞ 521 ግራም ትመዝናለች፤ እይታዋ 35 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ፥ ሌንሷ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። ይህም የሪኮዋ ኤፍ 2.8 ከሚያስገባው ብርሃን እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱም የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም መሣሪያ አላቸው፤ ነገር ግን ይህ የሚያግዘው ቆሞ ያለውን ነገር ለማንሣት ነው እንጂ፥ በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የሚለቅሙትን እጆች እንቅስቃሴ አያቆምም። ለዚያ የሚረዳው ሰፊ ሌንስና ፈጣን መዝጊያ ነው።

እንከናቸውም ሊሰወር አይገባም። የሁለቱም ሌንስ የማይፈታ ስለ ሆነ፥ ሩቁን ማቅረብ አይቻልም፤ ሌንሱ ቢበላሽም ካሜራው በሙሉ ሥራ ይፈታል። የሪኮዋ ባትሪ 200 ሥዕል ያህል ካነሣ በኋላ ስለሚያልቅ፥ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው መለዋወጫ ሊይዝ ይገባዋል። እርሷ ከዝናብና ከአቧራ አትከላከልም፤ ፉጂፊልሟም ብትሆን በሌንሷ ላይ ልዩ ቀለበትና ማጣሪያ መስተዋት ካልታከለላት በቀር ዝናብን አትመክትም። ዝናቡ ለሚበዛበት ለጌዴኦ ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ ለሚገኙት ትክል ድንጋዮች ግን የሌንሱ አለመፈታት ብዙ አይጎዳም፤ ድንጋዩ አይሸሽምና ፎቶግራፍ አንሺው በእግሩ ይቀርባል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ምስል ጎልቶ የሚታየው በማለዳና በሠርክ፥ ፀሐይዋ አግድም በምትወጋበት ሰዓት ነው። በቀትር የመጣ ሰው ውድ ካሜራ ቢይዝም ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ አንሥቶ ይመለሳል። ዝናብና ጊዜ ቅርጹን ከመፋቃቸው በፊት፥ ዛሬ በጥሩ ብርሃን የተነሣ ሥዕል፥ ቀኑና ቦታው ከተጻፈበት፥ ለነገ ተመራማሪ ማስረጃ ይሆናል።

ደግሞም በተቀደሱት ደኖች ዘንድ የአገር ሽማግሌዎችን ሳያስፈቅዱ መግባት፥ ለቃሚዋንም ሳይጠይቁ ማንሣት ነውር ነው። ካሜራው ትንሽ መሆኑ ተደብቆ ለማንሣት ሰበብ አይሆንም፤ ጥቅሙ ሰው ሳይደነግጥ በሥራው ላይ እንዳለ ማንሣት ማስቻሉ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ሩቅ ያለ ወፍን ለማንሣት የሚሻ ሰው እነዚህን አይግዛ። ስልኩ የሚበቃውም ሰው ገንዘቡን አያባክን። የአገሩን ሰው፥ ቡናና ቅርስ በቅርብ ሆኖ ለመመዝገብ የቆረጠ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ግን፥ ለጥላው ሥር ሥራ ፉጂፊልሟን፥ ለመንገድና ለገበያ ሪኮዋን ቢመርጥ አይቆጭም። ካሜራውን ከገዛ በኋላ የሚቀረው፥ ማለዳ ተነሥቶ ብርሃኑ ወዳለበት መሄድ ነው።